አደራ

ረቡዕ ማታ ነበር፤ ዚሪክዜ ዝናብ ነው፣
ከባሕሩ ግድብ ላይ ነፋስ የሚነዳው።
ከጡቡ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ፣ ጠባብ አዳራሽ ውስጥ፣
አሥራ አንድ ሰው ተቀምጧል በክብ፣ ሻይ ይዞ፣ ጸጥ።
እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣
ሆስፒታል፣ ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ ሲፈልገኝ
የሰው ቃል ከአፍ ወደ አፍ የማሻግር፣
«ጀልባ ነኝ፣ ጭነቱ የእኔ አይደል» ብዬ የምኖር።

ግድግዳው ላይ ካርታ፤ ካርታው ላይ መርፌ፤
ከሥሩ የጸሎት ዝርዝር በኖራ ጽሑፍ፦
የጉድጓዱ ሞተር። የክሊኒኩ ጣራ።
የሊንደርት ወገብ። የብርድ ልብስ ሥራ።
ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ፣
ስንዴ ላኩ፣ ሹራብ ላኩ፣ ጸለዩ በብርቱ።
ሹራብ ለቆላ አገር! ሳቄ መጣ፣ ዋጥሁት፤
ቁርጥማት ያጎበጠውን የኔልቼን ጣት ሳይ፣ መልሼ አፈርሁበት።

ያኔከና ሊንደርት ልጅ አጥተው ሲያለቅሱ
ማኅበሩ አብሯቸው ጾመ፤ ከዚያ ደረሰች እሱ
መርፌው ከተተከለበት ስፍራ፣ የሁለት ዓመት ሕፃን።
ወረቀቷ «እናት አባት የላትም» ይላል፤ ማኅተም አለው።
ማኅተም ያለበትን ደግሞ ማን ይጠይቀው?
«ዶሮቴያ» አሏት፤ ትርጉሙ የአምላክ ስጦታ፤
ኦርጋኑ ነጎደ የዚያን እሑድ ለታ።

አሁን ዐሥራ ዘጠኝ ሞልቷታል። በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፣
ርጥብ ኮቷን ሳታወልቅ፣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች።
ስልኩ ውስጥ ድምፅ አለ፣
የክሊኒኩን ጣራ ሊያይ የሄደ ሰው ቀድቶ ያመጣው፣
የለችም የተባለች ሴት ድምፅ። አራት ደቂቃ ነው።

ከፈተችው። ሳል ቀደመ። ዶሮ ጮኸ ከኋላ።
ከዚያ እናት ተናገረች፣ ቃሏ ሳይላላ፦

«ምትኬ፣ ደህና ነሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ።
ሰዎቹ ‹ትማርልሽ፣ አድጋ ትመጣለች› ሲሉኝ፣
በአውራ ጣቴ ፈረምሁ፤
አደራ ብዬ ሰጠሁ፤
ዓመቱን በላሟ ወሊድ ቆጠርሁ።
ላሳደጉሽ ንገሪልኝ፦ አደራ፣ ብርድ እንዳይመታት፤
አደራ፣ አትቆጧት፤ ጨለማ ትፈራለች ሌሊት።
አደራዬ ነሽ። አልረሳሁም።»

ተረጎምሁ። ሳሉን ትቼ፣ ዶሮውን ትቼ፣
ሌላውን በሙሉ፣ ቃል በቃል አቅንቼ።
አደራ ላይ ስደርስ ግን «እባካችሁ» አልሁ፤
«አደራዬ ነሽ» የሚለውን «ልጄ ነሽ» ብዬ አለፍሁ።
ስም አይተረጎምም ብዬ «ምትኬ»ን እንዳለ ተውሁ፣
ማን ሞቶባት እንደ ነበር ለራሴ ብቻ ጠየቅሁ።
ውሸት አይደለም፤ አደራ ማለት እባክህ ማለት ነው፤
ባለቤቱ እስኪመጣ ሳይነካ የሚቀመጠውም እርሱው ነው።
«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላል ያገሬ ሰው፤
እዚያች ክፍል ውስጥ ሰማዩ ዝቅ ብሎ ጣራውን ነካው።

ያኔከ አፏን በእጇ ያዘች። ሊንደርት ጫማውን አየ።
አንዱ «እንጸልይ» አለ፤ ጸሎቱ ግን ጉሮሮው ላይ ቆየ።
ያን ጊዜ ኔልቼ፣ ሹራብ ሠሪዋ፣ ቀስ ብላ፦
«በጎርፉ ዓመት ስድስት ዓመቴ ነበር። ባሕሩ ከብታችንን ሲበላ
ከሩቅ አገር ቦቲ ላኩልን፤ ሰፋኝ፣ ጨርቅ ጠቅጥቄ አጠለቅሁ።
የላከውን ሰው አላውቀውም፤ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።
ቦቲ ሰጡን እንጂ...» ልጅቱን አየች። «እኛን አልወሰዱንም።»
ማንም አልመለሰላትም።

በሩ ጋ ጃንጥላዬን ስፈልግ ዶሮቴያ ክንዴን ያዘች፤
«ስትለምንም፣ ስለ እኔ ስታወራም፣ አንድ ቃል ደጋገመች።
አንተ ግን ሁለት አደረግኸው።»
ከዚያ ራሷ «አደራ» አለች፣ ራዋን ጉሮሮዋ ውስጥ እያንከባለለች።

ሰዓቴ አልቆ ነበር። አውቶቡሱ መጣ፣ አልተሳፈርሁም፤
«አደራ ማለት...» ብዬ ጀመርሁላት፤ እስኪያባራ አልጨረስሁም።
ያኔከ ብዕር ይዛ ወጣች፣ ዝናቡ ላይ፣ ራሷን ሳትሸፍን፦
«ስሟ ማን ነው? በጸሎቱ ዝርዝር... ይቅርታ... ስሟን።»
ድምፁን ደግመን ከፈትን። ሳል። ዶሮ። «ምትኬ።» እስከ መጨረሻው።
ስሟን አልተናገረችም።
ለገዛ ልጁ ስሙን የሚነግር ማነው?